ከጎንደር ሆኖ ለአዲስ አበባ ድርጅት መሥራት ይቻላል፤ መለወጥ ያለበት ድርጅቱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን በጋዜጣችሁ የወጣውን «ከቤት ሆኖ መሥራት ለእኛ አገር አይሆንም» የሚለውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው ያነሷቸው ችግሮች እውነት ናቸው። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይቆራረጣል። የብዙዎቻችን ቤት ጠባብ ነው። አለቃ ካላየው የማይሠራ ሰውም አለ፣ አይካድም። ግን ከዚያ ተነስተው ሁሉም ሰው ቢሮ ይመለስ ማለታቸው ላይ ጭራሽ አልስማማም። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ የምኖረው ጎንደር ነው፣ ማራኪ አካባቢ። የምሠራበት ድርጅት ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌር እንሠራለን፣ ለሚጠቀሙበት ሱቆችና መጋዘኖችም ድጋፍ እንሰጣለን። የቡድኔ ልጆች ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማና አዲስ አበባ ተበታትነው ነው ያሉት። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማንም ማንንም ጠረጴዛው ድረስ ሄዶ አያይም፤ ሥራው ግን ይወጣል፣ ደንበኛውም ነገ ተመልሶ ይደውላል። ስለዚህ «አይሆንም» ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሚከሽፈው በግማሽ ልብ የሚጀመረው ነው። ቢሮው ዋናው ቦታ ሆኖ፣ ከሩቅ የሚሠራው ሰው ደግሞ ውለታ እንደተዋለለት ሲቆጠር ያኔ ይከሽፋል።

ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት ስሙ ይቅርና ልክ እንዲህ ነበር። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ ሁላችንም ላፕቶፓችንን ይዘን ወደየቤታችን ገባን። መንግሥትም ያኔ ብዙ ሠራተኞቹን ከቤታችሁ ሥሩ ብሎ ነበር። የሚገርመው ሥራችን በዚያ ጊዜ ደህና ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጃችንም እንደኛው ቤታቸው ነበሩ፣ ወሬ የሚሰሙት እንደኛው በስክሪን ነው። ነገሩ የተበላሸው ቢሮው ሲከፈት ነው። አብዛኛው ሰው ተመለሰ፣ ከክፍለ ሀገር የምንሠራ ጥቂቶች ቀረን። ስብሰባ ሲኖር እነሱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ ለእኛ አንድ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ይከፈትልናል። ከላፕቶፑ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚናገረው አይሰማም። ይሳቃል፤ ምን እንዳሳቃቸው አናውቅም። ሊያልቅ ሲል «ሰማችሁን አይደል?» እንባላለን። ዋናው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ስብሰባ ላይ አይወሰንም፣ ከስብሰባው በኋላ ማኪያቶ እየተጠጣ ነው የሚወሰነው። እኛ ጋ የሚደርሰው የድሮውን ሠርተን ካስረከብን በኋላ ነው። ከዚያ «ከቤት የሚሠሩት ወደ ኋላ ይቀራሉ» ተባለ። እንዴት አንቀር!

ይሄ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲትሪፕ የሚባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት የስልክ ማዕከል ሠራተኞቹ ላይ ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ ጥናቱን ከመሩት አንዱ የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ኒኮላስ ብሉም ናቸው። ፈቃደኛ ከሆኑት ሠራተኞች ገሚሱን ከአምስቱ የሥራ ቀን አራቱን ከቤት፣ ገሚሱን ከቢሮ እንዲሠሩ አድርገው ለዘጠኝ ወር አነጻጸሯቸው። ከቤት የሠሩት ምርታማነታቸው በ13 በመቶ በለጠ። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው ዕረፍትና የሕመም ቀን ስላነሰ በየፈረቃው ብዙ ደቂቃ በመሥራታቸው ነው፣ የቀረው ደግሞ ቤቱ ጸጥ ስለሚል በደቂቃ ብዙ ስልክ በማስተናገዳቸው። ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥርም በግማሽ ወረደ። እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ሁለት ነገር ግን ይዘለላል። አንደኛው፣ እኩል ውጤት እያመጡ ከቤት የሚሠሩት ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ቀነሰ። ሁለተኛው፣ ምርጫ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፤ ትልቁ ምክንያታቸውም ብቸኝነት ነበር። ልብ በሉ፣ ሙከራው ውስጥ ለመግባት የራስ ክፍልና ፈጣን ኢንተርኔት ግዴታ ነበር። እኛ አገር ግን ላፕቶፕ ይሰጥህና «በል እንግዲህ» ትባላለህ፣ አለቀ።

እና ምን ይደረግ? እኔ መጀመሪያ የማስቀምጠው ደንብ ይሄ ነው። አንድ ሰው እንኳ ከሩቅ ስብሰባ ከገባ፣ ቢሮ ያሉትም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ላፕቶፕ ከፍተው፣ የራሳቸውን ማዳመጫ ሰክተው ይግቡ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሆናል፣ ግድ የለም። ሁሉም ሰው እኩል አንዲት መስኮት ሲሆን እኩል ይሰማል። ሥራ አስኪያጁም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከቢሮ ውጭ ይሥሩ። ኔትወርክ ሲቆራረጥባቸው፣ ፋይል የት እንዳለ ሲጠፋባቸው፣ ያን ቀን የድርጅቱ ችግር ምን እንደሆነ ያያሉ፤ በሌላ መንገድ ግን ሺህ ጊዜ ብንነግራቸው አይገባቸውም። ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የሚያንቀሳቅሰው ኦቶማቲክ የሚባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 የሳን ፍራንሲስኮ ትልቁን ቢሮውን ዘጋው፣ ምክንያቱም ሰው አይሄድበትም ነበር። ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ድርጅትም ዋና ቢሮ ሳይኖረው ነው ያደገው፤ የሥራ መመሪያውን ከቅጥር እስከ ስብሰባ አካሄድ ድረስ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርጎታል። እነዚህ ድርጅቶች አሜሪካ ስላሉ ብቻ አይደለም የሠራላቸው። ነገራቸውን ሁሉ ጽፈው ስለሚያስቀምጡ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ትልቁ ችግር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ በቃል ነው የምንሠራው። «ነግሬሃለሁ እኮ»፣ «ደውዬልሽ አልነበር?»፣ «ስብሰባው ላይ ተባብለናል»። አለቃ ሲሆኑ ደግሞ መጻፍ እንደ ማነስ የሚቆጥሩት አሉ፤ ደውለው ማዘዝ ይቀላቸዋል። የተሻለው ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጽፋል፣ እሱም «እንኳን አደረሳችሁ» እና የልደት ኬክ ስቲከር መሀል ገብቶ ይቀራል፤ ወይም የአራት ደቂቃ ቮይስ ይልካል፣ ከዚያ ውስጥ ሥራው ያለው አሥር ሰከንዷ ላይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት አባቶቻችን ናቸው። እዚህ የምንጎበኘው የፋሲል ግቢ ውስጥ እኮ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ትልቅ ሹመት ነበር፤ የንጉሥ ቃል ጎጃምና ስሜን ደርሶ እንዲፈጸም መጻፍ ነበረበት። መጻፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቢሮ ስንገባ ነው የምንተወው።

የእኛ ቡድን አሠራር ቀላል ነው። አንድ ነገር ሲወሰን አንድ የጋራ ሰነድ ላይ ይጻፋል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ወሰነ፣ ለምን፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። አምስት መስመር አይሞላም። በስልክ ከተወራ የተደወለለት ሰው ስልኩን እንደዘጋ ያችን አምስት መስመር ይጽፍና ለደዋዩ ያሳያል። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተወሰነ ይቆጠራል፤ የሥራ አስኪያጃችን ትእዛዝም ቢሆን። መጀመሪያ ላይ ይሄ ለብዙ ሰው እንደ ንቀት ይመስለው ነበር፣ «አላመናችሁኝም ወይ» የሚል ነበር። አሁን ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው «የት ጋ ተጽፏል?» ብለው የሚጠይቁ ሆነዋል። ጥቅሙ ደግሞ ጠዋት መብራት ያልነበረው ልጅ ከሰዓት ሲገባ ማንንም ሳይጠይቅ የሆነውን አንብቦ ሥራውን ይቀጥላል። ማብራሪያ ፍለጋ ሰው ሲደውል አይውልም።

እዚህ ጋ አንድ የማምንበትን ነገር ልጨምር። በአማርኛ ጻፉ! ብዙ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ማለት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ ምን ይሆናል፣ ሥራውን አሳምሮ የሚያውቀው ሰው እንግሊዝኛው እንዳያሳፍረው ብሎ ሳይጽፍ ይቀራል፣ በቃል ብቻ ይናገራል፣ እሱ የሌለ ቀን እውቀቱም አብሮት የለም። ለውጭ ደንበኛ የሚላክ ከሆነ እሺ፣ ይተርጎም። እርስ በርሳችን ስንሠራ ግን በምናስብበት ቋንቋ እንጻፍ። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀናው ቡድንም በዚያው ይጻፍ። እኔ ያየሁት ለውጥ ትልቅ ነው፤ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማይሉ ልጆች ሲጽፉ ስንት ነገር እንደሚያውቁ ይታያል።

ቀጥሎ ቁጥጥር። አስተያየት ሰጪው «ካላየኋቸው እንደሚሠሩ በምን አውቃለሁ?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቢሮ ሲያዩዋቸውስ እንደሚሠሩ በምን ያውቃሉ? ጠዋት ፈርሞ ገብቶ እስከ ምሳ ፌስቡክ ላይ የሚውል ሰው ስንት አለ! መታየት ያለበት የተሰጠው ሥራ በተባለው ቀን፣ በተባለው ጥራት መውጣቱ ነው። ለዚህ አለቃው በየሳምንቱ ሰኞ ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። ይሄ ከባድ ሥራ ነው፣ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖሩን ከማየት ይልቅ ያደክማል፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ አለቆች ቢሮውን የሚመርጡት። አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ የሠራተኛውን ስክሪን በየደቂቃው ፎቶ የሚያነሳ ሶፍትዌር ይጭናል፣ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ከፍታችሁ ዋሉ ይላል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ሰው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ልጁ ከኋላው ይሮጣል፣ እናቱ ትተኛለች።

የዚያ ተቃራኒም አለ። ቤት ነህ ተብሎ ከሌሊቱ 4 ሰዓት መልእክት ይላካል፣ ጠዋት «ለምን አልመለስክም» ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ አስቀምጦታል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ ክፍያውም ከፍ ያለ ነው። ሳሎን ውስጥ ስለተሠራ ሕጉ አይቀርም። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውልም ያውቀዋል፤ አሠሪውም የሥራውን ቦታና የሰጠውን ዕቃ ሳይቀር በመዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ብዙ ድርጅት ግን ከሩቅ የሚሠራውን ሰው «ፍሪላንሰር ነህ» ይለውና ጡረታ አይከፍልለትም፣ ዓመት ፈቃድ አይሰጠውም። በየቀኑ በሰዓት ገብቶ፣ አለቃ ኖሮት፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሠራተኛ ነው። የጡረታው 11 በመቶ ከአሠሪው፣ 7 በመቶ ከእሱ ሊዋጣ ይገባል፤ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃዱም መብቱ ነው።

ስለ መብራትና ኔትወርክ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ይልቅ የጎንደር ሰው ብዙ ይናገራል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ የተመለሰው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከቤት ይሠራ የነበረ ስንት ወጣት ሥራውን አጣ፣ ስንቱ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወረደ። የገመድ ኢንተርኔት ያገኘ እንደምንም ተንገዳግዶ ቆየ። ይሄ የሠራተኛው ጥፋት አልነበረም፣ የድርጅቱም አልነበረም። ግን አንዳንድ ድርጅት ልጆቹን በአንድ ስልክ ሲያሰናብት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን አስተካክሎ ይዟቸው ቆየ። ልዩነቱ ልብ ብቻ አይደለም፤ ሥራው እንዴት ተደራጅቶ ነበር የሚለው ነው። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ካልሆነ የማይሠራ ሥራ ይዞ ከክፍለ ሀገር ሰው መቅጠር ያስቸግራል። ፋይሉን ጠዋት አውርዶ፣ ያለ ኔትወርክ ሠርቶ፣ ማታ የሚልከው ሥራ ግን ብዙ ነው። ኮድ መጻፍ፣ ሒሳብ መዝጋት፣ ትርጉም፣ ንድፍ፣ የጽሑፍ እርማት፣ ይሄ ሁሉ ይሆናል። ስለዚህ ድርጅቱ ሥራዎቹን አስቀድሞ ይለይ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቆመው የቱ ነው፣ የማይቆመው የቱ ነው፣ የሚቆመውን ያን ቀን ሌላ ከተማ ያለ ማን ይረከበዋል?

ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ኦንላይን ይሁን ማለትም አያስፈልግም። ድሮፕቦክስ የሚባለው የፋይል ማስቀመጫ ድርጅት ወደ ርቀት ሥራ ሲዞር ሠራተኞቹ በጋራ የሚገኙበትን ሰዓት በቀን 4 ሰዓት ብቻ ነው ያደረገው። እኛ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት አድርገነዋል። ስብሰባም፣ ጥያቄም፣ ጭቅጭቅም በዚያ ሰዓት ነው። ቀሪውን ሰዓት ሰው መብራቱም፣ ልቡም ባለበት ጊዜ ይሠራበታል።

ወጪውን ደግሞ ድርጅቱ ይሸፍን። ሁለት ሲም፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ የሳፋሪኮም፤ የዳታ ፓኬጅ፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑንና ዋይፋዩን ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪና ኢንቨርተር፤ ደህና ወንበር። ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ፎቅ ተከራይቶ፣ ጄኔሬተር እያስነሳ፣ ሰርቪስ መኪና እያቆመ ከሚያወጣው ጋር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቁጭ አድርጎ ያስላው። የቢሮውን ወጪ ሠራተኛው ኪስ ውስጥ መክተትና «ወጪ ቀነስን» ማለት ግን ትክክል አይደለም። ደመወዝ ላይም እንደዚሁ። «ጎንደር ኑሮ ርካሽ ነው» ብሎ ለአንድ ዓይነት ሥራ ዝቅ አድርጎ መክፈል አለ። ጎንደር መጥታችሁ ውኃ በጀሪካን ግዙና ኑሮው ርካሽ መሆኑን ያኔ ንገሩን። ሥራው አንድ ከሆነ ክፍያውም አንድ ይሁን።

ቤት ውስጥ ያለውንም ነገር እንነጋገርበት፣ በተለይ የሴቶችን። እኔም እናት ነኝ። ላፕቶፕ ይዤ ስቀመጥ ዘመድም ጎረቤትም ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አያስብም፣ ቤት ነች ይላል። «አንቺ እንግዲህ ቤት ነሽ፣ ልጁን እይልኝ»፣ «ቡና ፈላ ነይ»፣ «ወፍጮ ቤት ድረስ ብቅ ብትዪ»። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እሺ ማለት ደግሞ ሥራ መበደል ነው። ለወንዱ ያን ያህል አይጸናበትም፤ እሱ በር ዘግቶ ከተቀመጠ «ሥራ ይዟል» ይባላል። ለቅሶ ሲኖርማ ቤት ያለ ሰው መቅረት ጭራሽ አይታሰብም፣ እድሩም አይፈቅድም። አለቃው አዲስ አበባ ተቀምጦ ይሄን ካላወቀ በሰው ይፈርዳል። እኛ ጋ ለቅሶ የሄደ ሰው ይናገራል፣ ሰዓቱን በሌላ ቀን ያካክሳል፣ ማንም አይጠይቀውም። ቤቱ ለማይመቸው ደግሞ ድርጅቱ ጠረጴዛ ይከራይለት። ፒያሳ ወይም ማራኪ ላይ ከየድርጅቱ ሦስት አራት ሰው ተሰባስቦ አንዲት ክፍል ቢከራይ፣ ኢንተርኔቱም ባትሪውም በጋራ ይሆናል፣ ብቸኝነቱም ይቀንሳል። የከተማው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲውም ባዶ የሚውል አዳራሽ አያጡም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን አዲስ ተቀጣሪው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ኮምፒውተርና ሒሳብ የተማሩ ልጆችን ያስመርቃል፤ ከቤተሰባቸው ሳይለዩ ሥራ ቢያገኙ የማይፈልግ የለም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ የመጀመሪያ ሥራውን ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚጀምር ልጅ ይጠፋል። ቢሮ ቢሆን ጎኑ ያለውን ሰው ጎሸም አድርጎ ይጠይቃል፣ ሰው ደንበኛን ሲያነጋግር ይሰማል፣ ሳያውቀው ይማራል። ቤት ግን ለመጠየቅ መጻፍ አለበት፣ ለመጻፍ ደግሞ ያፍራል፣ «ይሄን እንኳ አታውቅም?» እንዳይባል። ማይክሮሶፍት ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሁሉም ሰው ከቤት መሥራት ሲጀምር ሰው ከራሱ ክፍል ልጆች ጋር ብቻ መገናኘት እንዳበዛና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የነበረው ግንኙነት እንደሳሳ አሳይቷል። አዲስ ገቢው ደግሞ ያ የራሱ ሰው የሚለው ገና የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ የሚያሳድገው ነባር ሰው በስም ይመደብለት፣ ነባሩም ሲገመገም ይሄ ሥራው ይቆጠርለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ ጠዋት አጠር ያለ ስልክ ይደዋወሉ። አንድ ስክሪን እየተጋሩ አብረው ይሥሩ። ሰነፍ ነው ተብሎ ከሥራ ከመባረሩ በፊት ይሄ ተደርጎለታል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ዝም ያለ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ በአካል መገናኘት የግድ ነው፤ ቅንጦት አይደለም፣ በጀቱ ውስጥ ይግባ። አንድ ማዕድ አብረን ያልቆረስነው ሰው የጻፈልንን አጭር መልስ እንደ ቁጣ እንተረጉመዋለን። ተገናኝቶ የሳቀ ሰው ግን ያችኑ መልስ በደህና ያነባታል። ሁልጊዜም የክፍለ ሀገሩ ሰው ወደ አዲስ አበባ አይጠራ፣ አንዳንዴ እነሱ ወደ እኛ ይምጡ። (ለጥምቀት ሰሞን ግን አታስቡት፣ ያኔ ጎንደር ሆቴል አይገኝም።)

ሁሉም ሥራ ከቤት እንደማይሠራ አውቃለሁ። ነርሷ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ቦታው ላይ መገኘት አለበት። እኔ የምለው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለሚውለው ሰው ነው።

ለድርጅት ባለቤቶችና ለሰው ኃይል ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ «የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ» የምትለዋን መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ይሄ ሥራ በእርግጥ አዲስ አበባ መሆንን ይጠይቃል ወይ ብላችሁ አስቡ። «ከየትም ሆኖ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ የኢንተርኔቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ የጋራ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ውሳኔ የት እንደሚጻፍ፣ ጡረታው እንዴት እንደሚከፈል ውሉ ላይ አስፍሩት።

ዝግጅት ክፍሉንም የምለምነው አለኝ። ይሄ ጉዳይ በሁለት አስተያየት ብቻ እንዳይቀር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ፣ ከሩቅ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ አንድ ባለቤትና ከክፍለ ሀገር የሚሠሩ ጥቂት ልጆችን አነጋግራችሁ ሰፋ ያለ ዘገባ ሥሩበት። አስተያየት የሰጡትንም ጸሐፊ ጋብዟቸው። ቃለ መጠይቁ በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሆነ እኔም፣ የቡድኔ ልጆችም ደስ ብሎን እንሳተፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር